ላቴክ ገጽ ሲቆጥር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ሰው የሚሰጠው መመሪያ አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው፦ በርእሱ ገጽ ላይ ቁጥር አይታይ፤ ምስጋናውና ማውጫው በሮማ ቁጥር ይሁኑ፤ ምዕራፍ አንድ ከ1 ይጀምር። ይህችን በላቴክ፣ ማለትም ጽሑፍን በትእዛዞች አቀናብሮ ለኅትመት በሚያዘጋጀው የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ለመፈጸም ሌሊቱን ሙሉ የተቀመጠ ሰው አውቃለሁ፤ እኔው ነኝ። ትእዛዞቹን ሁሉ አውቃቸው ነበር። የሚሠሩት ግን እኔ የመሰለኝን አልነበረም።

«ቁጥሩ ካልታየ ገጹ አልተቆጠረም»

ከሁሉም የተስፋፋው ይህ ነው። «ዚስፔጅስታይል» የሚለው ትእዛዝ «ኤምፕቲ» ሲባል የዚያን ገጽ ራስጌና ግርጌ ባዶ ያደርጋል እንጂ ቆጣሪውን አይነካም። ቁጥሩ የተደበቀው ገጽ 1 ከሆነ ቀጣዩ 2 ብሎ ይወጣል። ብዙ የዩኒቨርሲቲ መመሪያዎች የሚፈልጉትም ይህንኑ ስለሆነ፣ ሳይጠየቁ «ለማስተካከል» የሚደክሙ ሰዎች ያሳዝኑኛል። ቀጣዩ ገጽ ከ1 እንዲጀምር የግድ ከተፈለገ ቆጣሪውን በ«ሴትካውንተር» መመለስ ነው። «ታይትልፔጅ» የሚባለውን ክፍል የተጠቀመ ሰው ግን ይህም አያስፈልገውም፤ በወረቀቱ አንድ ፊት ብቻ እንዲታተም በተዘጋጀ ሰነድ ክፍሉ ሲዘጋ ቆጣሪውን ራሱ ወደ 1 ይመልሰዋል።

«መጀመሪያ ላይ ፔጅስታይል ኤምፕቲ ካልኩ የትም ቁጥር አይታይም»

ይታያል፤ ያውም በየምዕራፉ መክፈቻ ላይ። ምዕራፍ የሚከፍተው ትእዛዝ ለዚያ ገጽ «ፕሌን» የሚባለውን ገጽታ በራሱ ስለሚጠራ ነው። ከምዕራፉ ርእስ በኋላ «ዚስፔጅስታይል ኤምፕቲ» ብሎ መጻፍ ይበቃል።

«ፔጅነምበሪንግ የቁጥሩን መልክ ብቻ ይቀይራል»

ሌሊቴን የበላው ይህ ነው። ትእዛዙ የሮማውን ቁጥር ወደ ተራው ይለውጣል፤ በዚያው ቆጣሪውንም ወደ 1 ይመልሳል። እኔ ከምስጋናው መጨረሻ ቀጥሎ፣ ከምዕራፍ አንድ በፊት ጻፍኩት። ምዕራፍ የሚከፍተው ትእዛዝ አዲስ ገጽ ስለሚጀምር ቦታው ትክክል መስሎኝ ነበር። ሰነዱ ሲወጣ የምስጋናው ገጽ በሮማ አራት ፈንታ 1 ይላል፤ ምዕራፍ አንድ ደግሞ በ2 ይጀምራል። ነገሩ ግልጽ ነው፦ ትእዛዙ ሲነበብ የምስጋናው ገጽ ገና አልተዘጋም ነበር፤ ስለዚህ አዲሱን ቁጥር እሱ ወሰደው። ከትእዛዙ በፊት «ክሊርፔጅ» ብሎ ገጹን መዝጋት ብቻ ነበር የሚፈለገው። «ቡክ» የሚባለውን የሰነድ ዓይነት የሚጠቀሙ «ፍሮንትማተር» እና «ሜይንማተር» ይህን ሁሉ ስለሚሠሩላቸው አይቸገሩም። በ«ሪፖርት» ግን ሁለቱም የሉም።

«ላቴክ ጽሑፉን ሲያነብ የትኛው ገጽ ላይ እንዳለ ያውቃል»

አያውቅም፤ ይህን ስረዳ መገረሜ አልቀረም። የላቴክ መሠረት የሆነው «ቴክ» የተባለው የዶናልድ ክኑት ፕሮግራም አንቀጹን በሙሉ አንብቦ በመስመር ይከፋፍለዋል፤ መስመሮቹን እየከመረ ይቆይና ገጹ የት እንደሚቆረጥ የሚወስነው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ በአንቀጽ መካከል «ዘፔጅ» ብሎ የገጽ ቁጥር የሚጽፍ ሰው፣ ዓረፍተ ነገሩ ገጽ 15 ላይ አርፎ 14 ተብሎ ሊያገኘው ይችላል። ያው ትእዛዝ በግርጌ ላይ የማይሳሳተው ግርጌው የሚሞላው ገጹ ተዘግቶ ሲወጣ ስለሆነ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ለገጽ ቁጥር የሚፈለገውን ቦታ በ«ሌብል» ምልክት አድርጎ ቁጥሩን በ«ፔጅሬፍ» መጥቀስ ነው። በመጀመሪያው ማጠናቀር፣ ማለትም ላቴክ ሰነዱን መጀመሪያ አንብቦ ሲያወጣ፣ ሁለት የጥያቄ ምልክት ቢወጣ መደንገጥ አያስፈልግም፤ ቁጥሩ በረዳት ፋይል ተመዝግቧል፣ ሲደገም ይገባል።

በፒዲኤፍ ማንበቢያው የሚታየው ቁጥር ከታተመው ጋር አለመስማማቱን እንደ ብልሽት የሚያዩም አሉ። ማንበቢያው ገጾቹን ከመጀመሪያው ጀምሮ እየቆጠረ ነው፤ «ሃይፐርሬፍ» የሚባለው የላቴክ ተጨማሪ ጥቅል የገጾቹን ስያሜ ካስተላለፈለት የሮማውንም ቁጥር ያሳያል።

«የግእዝ ቁጥር ለማግኘት አሃዞቹን መተካት ይበቃል»

በአማርኛ መጽሐፍ የሚያዘጋጁ ወዳጆቼ ከ1 እስከ 9 ያሉትን አሃዞች ከ፩ እስከ ፱ ባሉት ይተኩና ዘጠነኛውን ገጽ አይተው ይደሰታሉ። ችግሩ የሚጀምረው ከአሥረኛው ገጽ ነው። የግእዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፤ ለአሥር ፲፣ ለሃያ ፳፣ ለመቶ ፻ የሚሉ የራሳቸው ምልክቶች አሉት። አሃዝ በአሃዝ የተካ ሰው ለ11 ፩፩ ያገኛል፤ ትክክለኛው ፲፩ ነው። 125 ፻፳፭፣ 200 ደግሞ ፪፻ ይጻፋሉ። ስለዚህ «ዘፔጅ»ን እንደገና ስንተረጉመው ቁጥሩን ወደ መቶ፣ አሥርና አንድ ቤት የሚከፍል ትእዛዝ ልንሰጠው ይገባል። እኔ ሁልጊዜ የምፈትነው በ10፣ በ20፣ በ100 እና በ101 ነው፤ መቶ ያለ ፩ ብቻውን ፻ ሆኖ ከወጣና ቀጣዩም ፻፩ ከሆነ ወደ ማተሚያ ቤት እልከዋለሁ።