ርክክብ ምንድን ነው? አዲስ ተሿሚ አሮጌ በጀት ሲረከብ

አያት፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ ወይም ለገጣፎ ዳር የሚኖር ሰው "ገና አልተረከብኩም" የሚለውን መልስ ሳይሰማ አይቀርም። የጎርፍ መውረጃው የት ደረሰ ብሎ አዲሱ ኃላፊ ዘንድ የሄደ ሁሉ ይህን ሰምቶ ይመለሳል። ሰውየው ተሹሟል። ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። "እንኳን ደስ አለዎት" ተብሏል። ግን አልተረከበም። ምኑን ነው ያልተረከበው?

ርክክብ ማለት አንድ የመንግሥት ኃላፊ ወይም መሥሪያ ቤት በእጁ ያለውን ገንዘብ፣ ንብረት፣ ሰነድና ያልተቋጨ ጉዳይ ቆጥሮ፣ ጽፎ፣ ለተተኪው የሚሰጥበት ሥራ ነው። ሰጪ ይፈርማል፣ ተቀባይ ይፈርማል፣ ታዛቢ ይፈርማል። ከፊርማው ቀን በፊት የጎደለ ነገር ሰጪውን ያስጠይቃል። ከዚያ ወዲህ የጎደለው ተቀባዩን። ሐሳቡ ይኸው ነው፤ ምንም የተወሳሰበ ነገር የለውም። መከራው ያለው ሲሠራ ነው።

ሰው ርክክብ ሲባል ቢሮ፣ ቁልፍና መኪና ይመስለዋል። እሱም አለበት። ኮድ 4 መኪናዋ ከነመለዋወጫ ጎማዋና ከነክሪኳ ትመዘገባለች። የኪሎ ሜትር ንባቧ ይጻፋል። ላፕቶፑ፣ ወንበሩ፣ መደርደሪያው ከንብረት መዝገቡ ጋር ይመሳከራል። ንብረት ክፍል ደግሞ የራሱ ወረቀት አለው። ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲጠየቅ ሞዴል 20፣ ሲወጣ ሞዴል 22። በመደርደሪያ ያለው ከሞዴሎቹ ጋር ካልገጠመ ቆጠራው እዚያው ላይ ይቆማል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ይህን ክርክር ያውቀዋል። የጎደለውን ወንበር ፍለጋ ሦስት ቢሮ ይዞራል።

ገንዘቡ ላይ ሥርዓቱ ይጠብቃል። ጥሬ ገንዘብ የሚረካከቡት ገንዘብ ያዦች ናቸው። ካዝናው በኮሚቴ ፊት ይከፈታል፣ ብሩ በየዓይነቱ ይቆጠራል፣ ያልተሠራባቸው ደረሰኞችና ቼኮች ከነተከታታይ ቁጥራቸው ይመዘገባሉ። ቃለ ጉባኤ ይያዛል። ኃላፊው ካዝና አይረከብም። እሱ የሚረከበው ከካዝናው የከበደውን ነገር ነው፤ የመፈረም ሥልጣኑን። ባንክ ያለው የፊርማ ናሙና የቀድሞው ሰው ከሆነ፣ አዲሱ ኃላፊ የፈለገውን ያህል ቢሾም አንዲት ቼክ አትመነዘርለትም። የድሮዎቹ ፈራሚዎች መነሳታቸውን፣ አዲሶቹ መተካታቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ለባንክ መድረስ አለበት። ክፍያ ደግሞ በጥምር ፊርማ ነው። ከሁለቱ አንዱ ከተነሳ ሌላው ብቻውን ምንም አያደርግም። ሹመት ሰሞን ደሞዝ አንድ ሁለት ቀን ሲዘገይ፣ ብዙ ጊዜ ጣጣው እዚህች ላይ ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የሚቆጠር ነው። ዋናው ጉዳይ ግን የማይቆጠረው ነው ባይ ነኝ።

ኮንዶሚኒየም ተከራይታችሁ ስትገቡ ግድግዳው ተቀብቶ፣ ቁልፉ ተሰጥቷችሁ፣ ከወር በኋላ የቀድሞው ተከራይ ያልከፈለው የመብራትና የውሃ ውዝፍ ቢመጣባችሁ ምን ይሰማችኋል? አዲስ ተሿሚም ላይ የሚደርሰው ይኸው ነው። መኪናውን ተረክቧል፤ ዕዳውን ግን ማንም አላሳየውም።

በሂሳብ ሰዎች ቋንቋ ሁለት መዝገቦች አሉ፤ ተሰብሳቢና ተከፋይ። ተሰብሳቢ መሥሪያ ቤቱ ከሌላው የሚፈልገው ገንዘብ ነው። ለመስክ ሥራ አበል ወስዶ ያላወራረደ ሠራተኛ፣ ቅድመ ክፍያ ወስዶ ሥራውን ያልጨረሰ ተቋራጭ፣ ብር ተቀብሎ ዕቃ ያላስገባ አቅራቢ። ተከፋይ ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ያለበት ነው። ሥራው አልቆ ያልተከፈለ የክፍያ ሰርተፊኬት፣ ለተቋራጩ ሊመለስ የሚገባው መያዣ፣ በፍርድ ቤት የተወሰነ ካሳ። የዋናው ኦዲተር ዓመታዊ ሪፖርት ለምክር ቤቱ ሲቀርብ ያዳመጠ ሰው "በወቅቱ ያልተወራረደ ሂሳብ" የምትለዋን ሐረግ በቃሉ ያውቃታል። በየዓመቱ ትመለሳለች። አንዱ ምክንያት ይመስለኛል ይህ ነው። አበሉን የፈቀደው ኃላፊ ሄዷል፣ የወሰደው ሠራተኛ ተዛውሯል፣ አዲሱ ኃላፊ ደግሞ "እኔ በሌለሁበት" ይላል። ሦስቱም እውነታቸውን ነው። ገንዘቡ ግን የለም።

እንበል አንድ ወረዳ ውስጥ የጌጠኛ ድንጋይ መንገድ ተጀምሯል። ውል ተፈርሟል፣ ቅድመ ክፍያ ወጥቷል፣ ተቋራጩ ግማሹን አንጥፏል። ነዋሪው መዋጮ አዋጥቷል። በመሃል ኃላፊው ተነሳ። አዲሱ ሰው የሚያስፈልገው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ውሉ በስንት ብር ነው፣ ስንት ተከፈለ፣ ስንት ሜትር ተሠራ፣ የነዋሪው መዋጮ በየትኛው ሂሳብ ገባ፣ ጊዜው መቼ ያልቃል። ይህች ገጽ የርክክብ ሰነዱ ውስጥ ካለች አዲሱ ኃላፊ በሳምንቱ ሥራውን ያስቀጥላል። ከሌለች ግን ፋይል ፍለጋ፣ ኮሚቴ ማቋቋም፣ "እናጣራለን"። ከዚያ ክረምት ይገባል።

ይህ ሁሉ የአንድ ሰው መቀያየር ነው። መንግሥት ሲመሠረት ነገሩ ይሰፋል፤ የቀን አቆጣጠሩም ይጣመማል።

የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ዓመታዊ የሥራ ጊዜ ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 58 መሠረት በመስከረም ወር የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ይጀምራል። ስለዚህ ከምርጫ በኋላ የሚመጣ አዲስ መንግሥት ሥራ የሚጀምረው የበጀት ዓመቱ ሦስት ወር ከሄደ በኋላ ነው። በጀቱን ያዘጋጀውም ያጸደቀውም ሌላ ነው። እሱ የሚረከበው ማውጣት የተጀመረ ገንዘብ ነው።

2014ን እናስታውስ። የዓመቱ የፌዴራል በጀት 561.7 ቢሊዮን ብር ነበር። ያጸደቀው ተሰናባቹ ምክር ቤት ነው። በአዲስ አበባ አዲሱ ምክር ቤት መስከረም 18 ቀን ከንቲባ አዳነች አቤቤን መረጠ። በፌዴራል ደረጃ መስከረም 24 ቀን አዲሱ መንግሥት ተመሠረተ፤ መስከረም 26 ቀን የ22 ሚኒስትሮች ሹመት ጸደቀ። በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ደግሞ የአስፈጻሚ አካላት ተደለደሉ። የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር የሚባል ቀረ። ዩኒቨርሲቲዎቹ ወደ ትምህርት ሚኒስቴር፣ የቴክኒክና ሙያው ዘርፍ ወደ አዲሱ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሄደ። የመስኖና ቆላማ አካባቢ ሚኒስቴርም አዲስ ነበር። በሐምሌ በአንድ ስም የተያዘ በጀት በጥቅምት በሌላ ስም ሊወጣ ነው ማለት ነው። ሠራተኛው፣ መኪናው፣ ሕንፃው፣ ውሉ፣ ክሱ ሳይቀር ባለቤት ይቀይራል። አዋጁ መብትና ግዴታው ለማን እንደተላለፈ ይናገራል። ወንበሩንና ዕዳውን አንድ በአንድ የሚያከፋፍለው ግን ርክክቡ ነው። በዚያው በጀት ዓመት አጋማሽ ላይ 122 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት መጽደቁም አይዘነጋም። የዚህ ዋና ምክንያት ጦርነቱና የሰብአዊ ዕርዳታው ነበር እንጂ ርክክብ አይደለም። ግን አንድ ነገር ያሳያል። የተረከቡት በጀት ካልበቃ ኃላፊው በራሱ ጨምሮ ማውጣት አይችልም። እንደገና ምክር ቤት መቅረብ አለበት።

ሹመቱስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር አለ። ሚኒስትሮችን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያቀርባል፣ ምክር ቤቱ ያጸድቃል። በአዲስ አበባ ደግሞ በቻርተሩ መሠረት ከንቲባው የካቢኔ አባላቱን አቅርቦ በከተማው ምክር ቤት ያስጸድቃል። ከእነዚህ በታች ግን ያለ ምክር ቤት የሚሾም አለ፣ በውድድር የሚመደብ አለ፣ በቋሚነት የተቀጠረ አለ። የፋይናንስ ባለሙያው፣ ገንዘብ ያዡ፣ የንብረት ሠራተኛው፣ የውስጥ ኦዲተሩ የሲቪል ሰርቪስ ሠራተኞች ናቸው። መንግሥት ሲቀየር እነሱ አይቀየሩም። መሆን ያለበትም እንደዚያ ነው።

እኔ የማልስማማበት ልማድ አዲስ ኃላፊ ሲመጣ "የራሴን ሰው" እያለ ፋይናንሱንም ግዥውንም በአንድ ሳምንት የሚያንቀሳቅሰው ነው። ኃላፊውና ሂሳብ ሹሙ አንድ ላይ ከተነሱ የሚያስታውስ ሰው አይቀርም። ፋይሉ የት እንደተቀመጠ፣ የትኛው ቫውቸር ለምን እንደተወራረደ የሚያውቀው ሂሳብ ሹሙ ነበር። ወረዳዎች ላይ ነገሩን ትንሽ የሚያቀለው ፑል የሚባለው አሠራር ነው። የበርካታ ጽሕፈት ቤቶችን ሂሳብ አንድ የፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ይይዝላቸዋል። የጤና ኃላፊው ቢነሳ ሂሳቡ ፑል ውስጥ ነው፤ አብሮት አይሄድም።

ሌላው የሹመት ሰሞን ችግር ውክልና ነው። ኃላፊ ተነሳ፣ ተተኪ አልተሾመም፣ "በውክልና" የሚሠራ ሰው ይቀመጣል። ተወካይ ደሞዝ ይፈርማል፣ ነዳጅ ይፈቅዳል፤ ትልቅ ውል ላይ ግን እጁ ይንቀጠቀጣል። ነገ ለሚነሳበት ወንበር ለምን ይጠየቅ? ስለዚህ በበጀት ኮድ 6111 ደሞዝ፣ በ6217 ነዳጅ፣ በ6231 ውሎ አበል መውጣቱ ይቀጥላል፤ የካፒታል ፕሮጀክቱ ግን ቆሞ ይጠብቃል። ሰኔ 30 ሲደርስ ያልተሠራበት በጀት ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል። ከተማ ዳር ያለን ሰዎች መንገዳችን "በጀት ተይዞለት ነበር" ሲባል የምንሰማው ከዚህ የተነሳም ነው።

ከባዱ ርክክብ ግን ሰጪው አንድ፣ ተቀባዩ ብዙ ሲሆን ነው። ወይም ተቃራኒው። ለሚ ኩራ 11ኛው የአዲስ አበባ ክፍለ ከተማ ሆኖ በ2013 ሲመሠረት ከቦሌና ከየካ ተቆርጦ ነው። ከሁለት አባት አንድ ልጅ። ግብር ከፋዩ ፋይሉ ቦሌ ነው፣ ቤቱ ለሚ ኩራ። የይዞታ ማህደሩ የካ ነው፣ ጥያቄው ለሚ ኩራ። ፋይል በካርቶን ተጭኖ ሲመጣ በዝርዝር ካልተፈረመበት የጠፋው የት እንደጠፋ አይታወቅም። ከአጥሩ ማዶ ደግሞ በ2015 ሸገር ከተማ ሲመሠረት እንደ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲ ያሉ የየራሳቸው ከንቲባና የየራሳቸው ገቢ የነበራቸው ከተሞች በአንድ አስተዳደር ሥር ገቡ። እዚያ ጥያቄው ሌላ ነው። የአራት አምስት ማዘጋጃ ቤት ዕዳና ተሰብሳቢ በአንድ መዝገብ እንዴት ይደመራል? አዲስ መዋቅር ደግሞ በሹመት ብቻ አይቆምም። የሥራ መደቡ በፐብሊክ ሰርቪስ መጽደቅ አለበት፣ መደቡ በጀት ያስፈልገዋል፣ በጀቱ በስሙ መመዝገብ አለበት። ኃላፊው ቀድሞ ይሾማል፤ ሌላው ቀስ እያለ ይከተላል። ለዚህ ነው አዲስ ቢሮ የመጀመሪያ ወራቱን በተውሶ ወንበርና በተውሶ ሠራተኛ የሚያሳልፈው።

ነገሩ የዛሬ ብቻም አይደለም። አፄ ምኒልክ በ1900 የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ ገንዘቡን ለበጅሮንድ ሙሉጌታ ይገዙ ሰጡ። በጅሮንድ ደግሞ ከሚኒስትርነቱ በፊት የነበረ የግምጃ ቤት ኃላፊ ማዕረግ ነው። አዲሱ ወንበር የቆመው በአሮጌው ሙያ ላይ ነበር። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የሚለውም ተረት ከሹም ሽር ዘመን የወረስነው ነው። ርክክብ የተፈጠረው እንዲህ በሚያስብ ሹም የተነሳ ነው ማለት ይቻላል። የሀብት ምዝገባውም እንደዚሁ። በአዋጅ ቁጥር 668/2002 ተሿሚ ሀብቱን እንዲያስመዘግብ የሚጠየቀው ሲገባ የነበረው ሲወጣ ካለው ጋር እንዲተያይ ነው።

ታዲያ "አልተረከብኩም" ሲባል ምን ይደረጋል? ኃላፊው ሊዋሽ ይችላል፣ ላይዋሽም ይችላል። ሁለቱንም የሚለየው አንድ ጥያቄ ነው፤ "ርክክቡ በቃለ ጉባኤ ተካሂዷል ወይ፣ የእኛ ፕሮጀክት እሱ ውስጥ ተጠቅሷል ወይ?" ካልተጠቀሰ እናንተ አስጠቅሱት። የኮሚቴው ማመልከቻ፣ የመዋጮው የባንክ ስሊፕ፣ ቀድሞ የተጻፈላችሁ ደብዳቤ ኮፒ አንድ ላይ ተያይዞ መዝገብ ቤት ይግባ። ቁጥርና ቀን አስመትታችሁ ቀሪውን ኮፒ ያዙ። ግልባጩን ለፋይናንስ ጽሕፈት ቤቱና ለውስጥ ኦዲት ላኩ። ኃላፊው በስድስት ወሩ እንደገና ቢነሳ እንኳ ደብዳቤው ከነቁጥሩ መዝገብ ቤት ይቆያል፤ ቀጣዩ ተሿሚም ከነፋይሉ ይረከበዋል።