በ፪፻፲፮ ዓ.ም. የተጋቡ ሙሽሮች

ሥራዬ የሰርግ ካርድ፣ ባነርና የመታሰቢያ ጽሑፍ ዲዛይን ነው። "ዓመተ ምሕረቱን በግዕዝ ቁጥር አድርግልኝ፣ ያምራል" የሚለኝ ደንበኛ አይጠፋም። ማማሩስ ያምራል። መከራው ራሱ ጽፎ ያመጣው ቀን ነው።

አንዱ ፪፻፲፮ ብሎ በስልክ ላከልኝ። 2016 ማለቱ ነው። ወንድሜ፣ ይሄ ሁለት መቶ ዐሥራ ስድስት ነው! ያኔ እኮ ንጉሥ ኢዛናም አልተወለደም። ሌላዋ ደግሞ አኃዞቹን አንድ በአንድ ቀይራ ፪0፩፮ ብላ መጣች፣ መሃሉ ላይ የፈረንጅ ዜሮ ሰክታ። የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም። አለቀ።

ከሁሉም የሚያቃጥለኝ ግን "የሺህ ምልክት ፼ ነው" የሚለው ነው። አይደለም! ሺህ የራሱ ምልክት የለውም፤ ፼ ዐሥር ሺህ ነው። ልብ ብላችሁ እዩት፣ ሁለት ፻ ተጣብቀው ነው፤ መቶ ጊዜ መቶ። ግዕዝ የሚቆጥረው በመቶ ስለሆነ ሺህ "ዐሥር መቶ" ይባላል፣ ፲፻። 2016 ደግሞ ሃያ መቶ ዐሥራ ስድስት፣ ፳፻፲፮። ይህን ሳስረዳ የአንዱ ሙሽራ አጎት "ልጄ፣ ሃያ መቶ የሚባል ቁጥር አለ እንዴ?" አሉኝ። "ጋሼ፣ ቤተ ክርስቲያን 'ዕሥራ ምእት' ሲባል ሰምተው አያውቁም? እሱ እኮ ነው" አልኳቸው። ዝም አሉ። ካርዱ ግን "ሰው ስህተት ይመስለዋል" ተብሎ በፈረንጅ ቁጥር ታተመ።

ዘዴው ቀላል ነው። ቁጥሩን ከቀኝ ጀምራችሁ ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ ቁረጡት። 1998 ማለት 19 እና 98 ነው፣ መሃሉ ላይ ፻ አስገቡ፦ ፲፱፻፺፰። 2005 ማለት 20 እና 05 ነው፦ ፳፻፭፤ ዜሮዎቹ ይቀራሉ። 12,345 ሲቆረጥ 1፣ 23፣ 45 ይሆናል። ከ45 በፊት ፻፣ ከ23 በፊት ፼ ይገባል፦ ፼፳፫፻፵፭። መጀመሪያ ላይ ያለችው አንድስ? አትጻፍም። የዳዊት መዝሙር የመጨረሻው ፻፶፩ ነው እንጂ ፩፻፶፩ ተብሎ አይጻፍም። ሚሊዮን ከፈለጋችሁ መቶ እልፍ ነው፣ ፻፼።

"እልፍ ማለት እንዲሁ ብዙ ማለት ነው" የሚሉም አሉ። ዐሥር ሺህ ነው። ሴቶቹ ለሳኦል ሺህ፣ ለዳዊት እልፍ ብለው ሲዘፍኑ ሳኦል የተናደደው ሒሳቡ ስለገባው ነው፤ ዐሥር እጥፍ!

"ምልክቶቹ ከራሳችን ፊደል የወጡ ናቸው" ለሚሉት፦ ከግሪክ ፊደል ነው የመጡት። ፩ ከአልፋ፣ ፻ ከሮ።

"ኪቦርድ ላይ የለም።" ሃያዎቹም ምልክቶች ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዩኒኮድ (ኮምፒውተርና ስልክ የሚጠቀሙበት የዓለም ፊደላት መለያ) ውስጥ አሉ። ፈልጉት።

ካርድ ቢሳሳት ተቀድዶ ይጣላል። እብነ በረድ ላይ የሚቀረጽ ከሆነ ግን እባካችሁ ቀድማችሁ ለሚያውቅ ሰው አሳዩ። አንድ መቃብር ላይ የዕረፍት ዘመኑ ፩፼፱፻፷፯ ተብሎ ተቀርጾ አይቻለሁ። 1967 ለማለት ነው። ድንጋዩ ግን ሰውዬው በ10,967 ዓ.ም. አረፉ ነው የሚለው። ልጆቻቸውን አውቃቸዋለሁ፣ እስካሁን አልነገርኳቸውም።