ኤምፓቲ በርዕሰ መምህር ቢሮ፦ ምንድን ነው?

ጠዋት 2 ሰዓት ከሩብ። የትምህርት ቤቱ በር ተዘግቷል። አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ቦርሳውን አቅፎ ውጭ ቆሟል። በዚህ ሳምንት ሲያረፍድ ሦስተኛው ነው። አንዱ ርዕሰ መምህር «ወላጅ ይዘህ ና!» ይለዋል። ሌላው «ምን ሆነህ ነው የምታረፍደው?» ይለዋል። እናቱ ለጉሊቷ ዕቃ ለማምጣት ገና ሳይነጋ አትክልት ተራ ትወርዳለች። ታናሽ እህቱን ኬጂ የሚያደርሰው እሱ ነው። ይህን ማወቅ የሚችለው የጠየቀው ብቻ ነው።

ኤምፓቲን ብዙ ጊዜ «ርኅራኄ» እያልን እንተረጉመዋለን። ትንሽ ይለያያሉ። ርኅራኄ ማዘን ነው። ኤምፓቲ ግን ነገሩ ከዚያኛው ሰው ቦታ ሆነው ሲያዩት ምን እንደሚመስል መረዳት ነው። ሳይረዱ ማዘን ቀላል ነው፤ «አይዞህ» ብሎ ወደ ቢሮ መግባት።

ከይሉኝታ ጋር ደግሞ ጭራሽ አይገናኝም። እኛ ጋ የሚምታታው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በየሳምንቱ የሚቀርን መምህር «ይቀየመኛል» ብሎ ዝም የሚል ርዕሰ መምህር ሰው የገባው እንዳይመስላችሁ። የሸሸው የራሱን ጭንቀት ነው። ያለ አስተማሪ የተቀመጡትን 50 ልጆችስ ማን ይረዳቸው? ቆፍጣና አመራርና ኤምፓቲ አብረው ይሄዳሉ።

በአሜሪካ ካሊፎርኒያ የተሠራ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አለ። በአምስት ትምህርት ቤቶች 31 የሒሳብ መምህራን ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን ኦንላይን አጭር ልምምድ ሠራ። ልጆች ለምን እንደሚያስቸግሩ አነበቡ፣ የተማሪዎችን ታሪክ አዩ፣ ራሳቸው ምን እንደሚያደርጉ ጻፉ። በቃ፣ ይኸው ነው። በዓመቱ መጨረሻ የእነዚህ መምህራን ተማሪዎች ከትምህርት የታገዱት 4.8 በመቶ ሲሆኑ፣ የሌላኛው ቡድን 9.6 በመቶ ነበሩ። ለርዕሰ መምህር ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ልጅ ቢሮው የሚደርሰው መጀመሪያ ክፍል ውስጥ ከተጋጨ በኋላ ነዋ። ስለዚህ የእሱ ሥራ ራሱ መረዳት ብቻ አይደለም፣ መምህራኑም ከመፍረዳቸው በፊት እንዲጠይቁ ማስለመድ ነው። መምህራኑን የማያዳምጥ አለቃ ደግሞ ይህን ሊያስለምድ አይችልም።

ወደ ልጁ እንመለስ። ደንቡ አልተሻረም፤ ዛሬም አርፋጅ ተብሎ ተመዝግቧል። ግን ክፍል ገብቷል። ርዕሰ መምህሩም ኬጂው ጋ ደውሎ፣ እህቱን ከ1 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ይቀበሏት እንደሆነ እየጠየቀ ነው።