የተቃራኒ ፈሊጦች ጥንድ ምንድን ነው?

ኅዳር ውስጥ ደብረ ብርሃን ላይ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ የሚያስተምር መምህር ጠመኔ ሲይዝ ጣቱ አይታዘዝለትም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናትና ሣሩ ውርጭ ተኝቶበት ያድራል። እንዲህ ባለ አንድ ጠዋት «ሺ ጌቭ ሚ ዘ ኮልድ ሾልደር» ብዬ ሰሌዳ ላይ ጻፍሁና ትርጉሙን ጠየቅሁ። ከኋለኛው መደዳ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «ቀዝቃዛ ትከሻ ሰጠችኝ» አለ። ቃል በቃል ምንም አልተሳሳተም። ዐረፍተ ነገሩ የሚለው ግን ሌላ ነው፤ ቀርቤ ባነጋግራት ችላ አለችኝ፣ እንዳላየች ሆና አለፈችኝ ነው የሚለው።

«በአማርኛ ትከሻ ይሰጣል?» አልኋቸው። ዝም አሉ። ጥቂት ቆይታ ከመስኮቱ ሥር የተቀመጠች ልጅ «ቲቸር፣ ትከሻ አይሰጥም። ፊት ነው የሚሰጠው፤ ፊት ነው የሚነሳው» አለች።

እኔ የጠየቅሁት አንድ ፈሊጥ ነበር፤ እርሷ ሁለት መለሰችልኝ። ፊት ሰጠው ማለት አቀረበው፣ አቀማጠለው ነው። ፊት ነሳው ማለት ገሸሽ አደረገው ነው። አንዱን የሚያውቅ ሁሉ ሌላውን ያውቃል፤ ማንም ደብተር ይዞ አላጠናቸውም። ተያይዘው መጡ፣ ተያይዘው ቀሩ። የእንግሊዝኛን ፈሊጥ ተቃራኒውን ከጎኑ አስቀምጦ እንዲህ ተያይዞ እንዲቀር ማድረግ ይቻላል። የተቃራኒ ፈሊጦች ጥንድ የሚባለው ይህ ነው፤ ትርጉማቸው ፊት ለፊት የሚቆም ሁለት ፈሊጦች። ለቀዝቃዛው ትከሻ የሚሆነው ጥንድ «ዊዝ ኦፕን አርምስ» ነው፤ እጁን ዘርግቶ ተቀበለው እንደምንለው።

ፈሊጥ የሚለው ቃል ራሱ ጥቂት ቆም ብሎ ሊያዩት የሚገባ ነው። በግእዝ ፈለጠ ማለት ለየ ማለት ነው። አማርኛችን ግሡን ለእንጨት አውሎት ባሕር ዛፍ እንፈልጥበታለን እንጂ የጥንቱ ትርጉም ለነገሩ በሚገባ ይስማማዋል፤ ፈሊጥ ከቃላቱ ተለይቶ የቆመ ትርጉም ያለው አነጋገር ነውና። ብዙ ጊዜ ከሰምና ወርቅ ጋር ያመሳስሉታል። እኔ ግን ልዩነቱ ይበልጥብኛል። በቅኔ ሰሙም ወርቁም ሕያው ናቸው፤ ሰሚው የሚደሰተው ሁለቱን አንድ ላይ ስለሚያገኝ ነው። በፈሊጥ ሰሙ ከቀለጠ ቆይቷል። የቋንቋው ባለቤት የሚሰማው ወርቁን ብቻ ነው፤ «አንጀቱ አረረ» ሲባል ምድጃ የሚታየው ሰው የለም። ባዕዱ ተማሪ ደግሞ ሰሙን ብቻ ያያል። የመምህሩ ሥራ ለአንድ አፍታ ሰሙን መልሶ ማርጋት ነው፤ ተማሪው መልኩን አይቶት ወደ ወርቁ እንዲያልፍ።

ደግነቱ፣ ከጥንዶቹ መካከል ሁለቱም ጓደኛሞች ከአንድ ሰም የተሠሩባቸው አሉ። እነዚህ ናቸው በጣም የሚጣፍጡኝ። «ኢን ዘ ሬድ» እና «ኢን ዘ ብላክ» የሚሉትን ውሰዱ፤ ቀይ ውስጥ፣ ጥቁር ውስጥ። ይህን ጥንድ ከመጽሐፍ ሳስተምረው አልያዘልኝም ነበር። የማታ ማታ ያስተማረልኝ የምገዛበት ሱቅ ነው። ባለሱቁ የዱቤ መዝገቡን ሲጽፍ ያልተከፈለውን በቀይ እስክሪብቶ ያሰፍራል፤ ሲከፈል በጥቁር ይሰርዘዋል። አንድ የወር መጨረሻ ላይ መዝገቡን ወደ እኔ አዙሮ፣ ጣቱን ስሜ ላይ አድርጎ፣ በትሕትና «መምህር፣ እርስዎ አሁንም ቀይ ላይ ነዎት» አለኝ። ስኳር፣ ሳሙና፣ ሁለት ደብተር፣ ሁሉም ቀይ። ከፍዬው በማግስቱ ነገሩን እንዳለ ለክፍሉ ነገርኋቸው። የጥንት የሒሳብ ሠራተኞችም ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ኪሳራንና ዕዳን በቀይ ቀለም፣ ትርፍን በጥቁር። አንድ ድርጅት ቀይ ውስጥ ነው ከተባለ ከስሯል ወይም ዕዳ አለበት፤ ጥቁር ውስጥ ነው ከተባለ አትራፊ ነው።

ለእኛ ልጆች እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ጥቁር ለእኛ የሐዘን ልብስ ነው፤ ጥቁር ቀን ስንል ክፉ ቀን ማለታችን ነው። ስለዚህ «ኢን ዘ ብላክ» የሚለውን ብቻውን ያገኘ ተማሪ መከራ ውስጥ መሆን ይመስለዋል። ቀዩ ከጎኑ ሲቆም ግን ይታረማል። ጥንድ ማድረግ ያለው ትልቁ ጥቅም ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ አንዱ የሌላውን ትርጉም አጥር ሆኖ ይጠብቃል።

ጠረጴዛውም እንዲሁ ነው። «አንደር ዘ ቴብል» ማለት በስውር፣ በጉቦ የሚደረግ ነገር ነው። ጥንዱ «አበቭ ቦርድ» ነው፤ በግልጽ፣ በሐቅ የሚደረግ። ቦርድ በጥንቱ እንግሊዝኛ ጠረጴዛን ያመለክታል፤ ካርታ ተጫዋች እጆቹን ከጠረጴዛው በላይ ካደረገ አላጭበረበረም ማለት ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ ከላዩ ሐቅ፣ ከሥሩ ሽፍጥ። ይህን ሰሌዳ ላይ አንድ አግድም መስመር ስቤ ነው የማስተምረው፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ሰማቸው የማይገናኝ ጥንዶችም አሉ። ቀላል ሥራ «ፒስ ኦፍ ኬክ» ነው፤ ቁራሽ ኬክ። ከባዱ ደግሞ «ኤ ቶል ኦርደር» ነው፤ ረጅም ትእዛዝ። ምሥጢር ማውጣት «ስፒል ዘ ቢንስ»፣ ባቄላውን መድፋት ሲሆን፣ ምሥጢር መጠበቅ «ኪፕ ኢት አንደር ዩር ሃት» ነው፤ ከባርኔጣ ሥር ማቆየት። እነዚህ በትርጉም ይቃረናሉ እንጂ በሥዕል አይተዋወቁም። በሥዕል ስለማይያያዙ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ ደጋግሞ መጠቀም ብቻ ነው የሚያዋጣው።

አሁን ወደ ትልቁ ስሕተት ልምጣ። ተማሪ ጥንድ የሚባለውን ሐሳብ ሲወድደው ቃሉን ብቻ ገልብጦ ተቃራኒ መሥራት ይጀምራል። «ኢን ሆት ዋተር»፣ ሙቅ ውኃ ውስጥ፣ ማለት ችግር ውስጥ መግባት ነው፤ በአማርኛ ማጥ ውስጥ ገባ እንደምንለው፤ በክረምት የእኛን ጥቁር አፈር የረገጠ ማጥ ምን እንደሆነ ያውቃል። ከሸዋ ሮቢት የመጣ አንድ ተማሪ በድርሰቱ ስለ አንድ ከክስ ነጻ ስለወጣ ሰው ጽፎ «ናው ሂ ኢዝ ኢን ኮልድ ዋተር» ብሎ ጨረሰው። አሁን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነው። ከጣርማ በር ቁልቁል ወርዶ ጋቢውን ላወለቀ፣ የሸዋ ሮቢትን ሙቀት ለሚያውቅ ሰው ቀዝቃዛ ውኃ እፎይታ ነውና አስተሳሰቡን አልነቅፍም። እንግሊዝኛ ግን እንዲህ አይልም። እንዲያውም ቀዝቃዛ ውኃ በነገር ላይ መድፋት ማለት የሰውን ሐሳብ ማቀዝቀዝ፣ ተስፋ ማስቆረጥ ነው፤ ሙቁም ቀዝቃዛውም በክፉ ወገን ቆሙ ማለት ነው። የሙቅ ውኃው እውነተኛ ጥንድ «ኦፍ ዘ ሁክ» ነው፤ ከመንጠቆ የወጣ ዓሣ። ስለዚህ ተቃራኒ የሚፈለገው በትርጉም ነው፤ በቃል የተገለበጠ ጥንድ ሲገኝ እሰየው፣ ግን ሰዎቹ በእርግጥ እንደሚሉት ሳያረጋግጡ መጻፍ አይገባም።

ዓይንም ያሳስታል። «ሲ አይ ቱ አይ» ቃል በቃል ዓይን ለዓይን መተያየት ነው፤ ተማሪዎቼ ተፋጠጡ ብለው ይተረጉሙታል። እኛ ዘንድ ዓይን ለዓይን መፋጠጥ ጠብ ነው፣ የተጣሉትንም ዓይንና ናጫ ሆኑ እንላለን። እንግሊዞቹ ግን ተስማሙ ማለታቸው ነው። ጥንዱ «አት ሎገርሄድስ» ሲሆን እርሱ ነው የእኛን ሆድና ጀርባ ሆኑ የሚመስለው።

የብርድ ልብሱ ነገርስ? ደብረ ብርሃን በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የታወቀች ከተማ ናት፤ እዚህ ያደገ ልጅ ለብርድ ልብስ ክፉ ስም አይሰጥም። እንግሊዝኛ ግን የሰውን ደስታ የሚያጠፋውን «ዌት ብላንኬት»፣ እርጥብ ብርድ ልብስ፣ ይለዋል። በውኃ የተነከረ ብርድ ልብስ እሳት ላይ ሲጣል እሳቱን እንደሚያፍነው ከነገርኋቸው በኋላ ማንም አልረሳውም። ተቃራኒው «ዘ ላይፍ ኤንድ ሶል ኦፍ ዘ ፓርቲ» ነው፤ የድግሱ ሕይወትና ነፍስ፣ እኛ የጨዋታ ማድመቂያ የምንለው ሰው። ፍራንክ ቦርስን የመሳሰሉ የቋንቋ ትምህርት ተመራማሪዎች የፈሊጥን ምንጭ ማወቅ ለማስታወስ እንደሚረዳ አሳይተዋል፤ እኔም በዚህ እርጥብ ብርድ ልብስ አይቼዋለሁ።

ከሁሉ አብልጬ የምወድደው የእኛው ጥንድ ከእነርሱ ጥንድ ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ነው። ጆሮን እንይ። በሙሉ ልቡ የሚያዳምጥ ሰው «ኦል ኢየርስ» ነው፤ ሁለመናው ጆሮ ሆነ። አልሰማም ያለው «ተርንድ ኤ ደፍ ኢየር»፣ ደንቆሮ ጆሮውን አዞረ። እኛ ጆሮ ሰጠ እና ጆሮ ዳባ ልበስ አለ እንላለን። ዳባ ምን እንደሆነ ብጠይቅ ከክፍሉ የሚያውቅ ጠፋ። ከመንዝ የመጣ አንድ ልጅ ለበዓል አገሩ ሄዶ ሲመለስ አያቱን ጠይቆ መጣ፤ ከቆዳ የሚሠራ ልብስ ነው፣ ቆዳ የለበሰ ጆሮ ምን ይሰማል አሉኝ አለ። እንግሊዝኛ ሊማር ገብቶ አማርኛውንም አገኘ።

ሌላው ጥንድ ቆዳንና ሆድን ያገናኛል። «ቲክ ስኪንድ»፣ ቆዳው ወፍራም፣ የሚባለው ነቀፋ የማይሰማው ሰው ነው፤ «ቲን ስኪንድ»፣ ቆዳው ስስ፣ ደግሞ በትንሽ ነገር የሚከፋ። ተማሪዎች ወዲያው ሆደ ሰፊ እና ሆደ ባሻ ይላሉ። ቅርብ ነው፤ አንድ ግን አይደለም፤ ልዩነቱንም ሳላስረዳ አላልፍም። ቆዳው የወፈረውን ነገሩ አይደርሰውም፤ ውጭ ነጥሮ ይመለሳል። ሆደ ሰፊውን ግን ይደርሰዋል፤ ገብቶ ሰፊው ሆዱ ውስጥ ቦታ ያገኛል። አንዱ አይሰማውም፣ ሌላው ተሰምቶት ይችለዋል። ስስ ቆዳ ያለው ሲነቅፉት ይቆጣል፤ ሆደ ባሻ ያለቅሳል። እንዲህ ያለው ልዩነት ሲታይ ነው ተማሪው ፈሊጡን በቦታው የሚያውለው።

ስለ አጠናኑ አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ። የኒውዚላንዱ የቃላት ትምህርት ምሁር ፖል ኔሽን ተቃራኒ ቃላትን ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ላይ ማስተማር እንደሚያደናግር ጽፈዋል። ተማሪው ሁለት አዲስ ቃልና ሁለት ትርጉም ይይዝና የትኛው የየትኛው እንደሆነ ይጠፋበታል። እውነት ነው። እኔም በአንድ ክፍለ ጊዜ አሥር ጥንድ አስተምሬ በማግስቱ ብጠይቅ ቀዩና ጥቁሩ ቦታ ተለዋውጠው አገኘኋቸው፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር። አሁን የማደርገው አንዱን ፈሊጥ ብቻ ማስተማር ነው፤ ብዙ ጊዜ በንግግር የሚሰማውን አስቀድማለሁ። ተማሪው ያለ ማመንታት በራሱ ዐረፍተ ነገር ሲጠቀምበት፣ ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ጓደኛውን አመጣለታለሁ። ጥንድ የሚሆኑት ያን ጊዜ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ አብዛኛው ትምህርት በእንግሊዝኛ ነውና መቸኮል ያጓጓል፤ ነገር ግን በወር አራት ጥንድ የያዘ ተማሪ አርባ ሸምድዶ ካምታታ ይሻላል።

ደብተራቸውን በሦስት ዓምድ ያሰምሩታል። በግራ መጀመሪያ የተማሩት ፈሊጥ፣ በቀኝ ተቃራኒው፣ መካከል ላይ አማርኛው። ያቺ ከመስኮቱ ሥር የምትቀመጠው ልጅ መካከለኛውን ዓምድ ከሁሉ አስፍታ አስምራዋለች። ለአንዳንዱ ፈሊጥ ጥንድ አይገኝም፤ «አውት ኦፍ ዘ ብሉ»፣ ሳይታሰብ ድንገት ለሚመጣ ነገር የሚባለው፣ እስካሁን በቀኙ በኩል ባዶ ነው። ክፉውን ድንገተኛ ነገር ዱብ ዕዳ እንደምንለው መካከሉ ላይ ጽፋለች፤ በጎውንም ድንገተኛ የሚይዝ አማርኛ እየፈለገች ስለሆነ ከሥሩ አንድ መስመር ክፍት ትታለታለች።