ኦቨርቡስት ምንድን ነው? ጉልበት ያጣ መኪና «ግፊት በዛብኝ» ሲል

«መኪናዬ ጉልበት አጣ» ብሎ ጋራዥ የገባ ሰው፣ ስካነሩ (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነበው መሣሪያ) ፒ0234 የሚል የጥፋት ኮድ ሲያወጣበት መጀመሪያ የሚጠረጥረው መካኒኩን ነው። ኮዱ የሚናገረው የአቤቱታውን ተቃራኒ ነዋ፤ ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋው ቱርቦ ከታዘዘው በላይ ገፍቷል ይላል። ከመጠን በላይ የሚገፋ ሞተር እንዴት ዳገት ላይ ጭነት የሞላ አይሱዙ ይቀድመዋል?

ኮምፒውተሩ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ግፊት በየቅጽበቱ ይለካል፤ ለዚያ ዙርና ለዚያ ጭነት ስንት መሆን እንዳለበትም በውስጡ ተጽፎለታል። የተለካው ከታዘዘው አልፎ ከቆየ፣ ሞተሩን ለማትረፍ ነዳጁን ይቆነጥጥና ቼክ ኢንጅን ያበራል። ሹፌሩ የሚሰማው ይሄ ቅጣት ነው፤ ጥፋቱን አያየውም። ዳር ይዞ ቁልፉን አጥፍቶ ሲያስነሳው ብዙ ጊዜ ጉልበቱ ይመለሳል፣ እስከሚቀጥለው ዳገት። «አጥፍቼ ሳስነሳው ይሻለዋል» የምትለውን ቃል ከደንበኛ አፍ ስሰማ ምርመራውን የጀመርኩት ያህል ይሰማኛል።

ኦቨርቡስት ማለት እንግዲህ ይሄው ነው፤ ግፊቱ ለዚያች ቅጽበት ከታዘዘው መብለጡ። በቁጥሩ ትልቅነት ብቻ አይፈረድም፤ ለአንዱ ሞተር መደበኛ የሆነው ለሌላው ጣሪያ ነው። ነዳጅ በድንገት ሲረገጥ ግፊቱ ለአፍታ አለፍ ብሎ መመለሱም በሽታ አይደለም።

ቱርቦ በአንድ ዘንግ ላይ የተሰኩ ሁለት ባለክንፍ መዘውሮች ነው፤ አንዱን ጭሱ ያዞረዋል፣ ሌላው አየር ጠቅጥቆ ወደ ሞተር ይልካል። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡቺ ሐሳቡን በፓተንት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል፤ ችግሩ ደግሞ ራሱን በራሱ እየመገበ መሄዱ ነው። አየር ሲበዛ ነዳጅ ይበዛል፣ ነዳጅ ሲበዛ ጭስ ይበዛል፣ ጭስ ሲበዛ ቱርቦው ይበልጥ ይከንፋል። ልጓም ካጣ ቤንዚን ሞተር ማንኳኳት ይጀምርና ፒስተኑ ይበላል፤ ናፍጣ ላይ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩን ራስ ከአካሉ ጋር የሚያሽገው ማሸጊያ) ይሄዳል፣ ሲብስም ቢዬላ (ፒስተኑን የያዘው ክንድ) ይታጠፋል። ዕድለኛ የሆነውን የኢንተርኩለር (የታመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው ክፍል) ቱቦው ተስፈንጥሮ ይገላግለዋል።

ልጓሙ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ዌስትጌት ነው፤ ግፊቱ ሲሞላ ተከፍቶ ጭሱን በጎን የሚያሳልፍ ትንሽ በር። ሁለተኛው፣ በ3.0 ዲ-4ዲ ፕራዶና ሃይሉክስ ላይ እንደምናገኘው፣ ጭሱ የሚያዞረውን መዘውር የከበቡ ተንቀሳቃሽ ምላሶች ናቸው። ሲጠብቡ ጭሱ በጠባብ ቀዳዳ ስለሚወረወር ቱርቦው ይፈጥናል፤ የውሃ ጎማ አፉን በአውራ ጣት ሲይዙት እንደሚሆነው ማለት ነው። ሲሰፉ ፍጥነቱ ይቀንሳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ልጓሙን የምታዝዘው ቀጭን የአየር ቱቦ ከተቀደደች ሁልጊዜ ጉልበት ትቀንሳለች ብለን እናስባለን። በአየር ግፊት የሚከፈት ዌስትጌት ላይ ግን ቱቦዋ ከተቀደደች በሩን የሚከፍተው ኃይል አይደርሰውም፤ በሩ እንደተዘጋ ይቀራል፣ ግፊቱም ጣሪያ ይነካል። በቫኪዩም (አየር በመሳብ) የሚሠሩ ምላሶች ላይ ደግሞ ያችው ቱቦ ብትቀደድ የሚያጠብባቸው ስለሚጠፋ ተከፍተው ይቀሩና ፒ0299፣ ማለትም የግፊት ማነስ፣ ይመጣል። አንድ ዓይነት ቀዳዳ፣ ሁለት ተቃራኒ ኮድ። ስለዚህ ኮፈኑ ሲከፈት የመጀመሪያው ጥያቄ «ይሄ ቱርቦ ልጓሙ ምንድን ነው?» መሆን አለበት። ሌላ ሥራ ለመሥራት ተነቅለው ሶሌኖይዱ (ልጓሙን የሚያዝዘው የኤሌክትሪክ ቫልቭ) ላይ ተገለባብጠው የተመለሱ ሁለት ቱቦዎችም በዚሁ ይታያሉ፤ አይስቁ፣ በጣም የተለመደ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ሴንሰሩ ራሱ እውነት ይናገር እንደሆነ መጠየቅ ያሻል፣ ይህም ሳንቲም አያስወጣም። ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ብቻ ከፍተው የግፊት ሴንሰሩን ንባብ ይዩ። ሴንሰሩ የሚለካው ፍጹም ግፊትን፣ ማለትም ከባዶ ጀምሮ ያለውን ሙሉ ግፊት፣ ስለሆነ፣ ሞተር ባልተነሳበት የሚያሳየው የአካባቢውን አየር ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ 101 ኪሎ ፓስካል ገደማ ይላል፤ አዲስ አበባ፣ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ላይ፣ 76 ወይም 77። አዲስ አበባ ቆሞ 101 የሚያነብ ሴንሰር ከተገኘ ቱርቦውን ተዉት፤ የሚዋሸው ሌላ ነው። አንዳንድ ርካሽ የስልክ መተግበሪያዎች ደግሞ ቡስትን (ቱርቦው በአካባቢው አየር ላይ የጨመረውን ግፊት) የሚያሰሉት በደፈናው 101ን ቀንሰው ነው፤ ሞተሩ ጠፍቶ ከዜሮ በታች 25 ሲያሳዩ ቱርቦው የሞተ የሚመስለው ሰው አለ።

ከፍታው ሌላም ጣጣ አለው። ሞተሩ 200 ኪሎ ፓስካል ቢታዘዝ ጅቡቲ ላይ ቱርቦው የሚጠበቅበት አየሩን ሁለት እጥፍ ማመቅ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ 2.6 እጥፍ ይሆናል። በሌላ አገር ለባሕር ዳርቻ የተሠራ «ቺፕ» (ጉልበት ለመጨመር የተቀየረ የሞተር ፕሮግራም) አስጭኖ መጥቶ እዚህ ዳገት የሚወጣ ሰው ዘንጉን ምን ያህል እንደሚያስሮጠው አያውቅም። ቺፕ የተጫነበት መኪና ኦቨርቡስት ሲያመጣ እኔ ሌላ ከመንካቴ በፊት ወደ ፋብሪካው ፕሮግራም እንዲመለስ እጠይቃለሁ።

ሴንሰሩ ደህና፣ ቱቦዎቹም ደህና ከሆኑ የቀረው ልጓሙ ነው። አንድ ናፍጣ ፒክአፕ «ቱርቦ ቀይሩልኝ» ተብሎ መጣ፤ ሌላ ቦታ ተፈርዶበታል። ከተማ ውስጥ ደህና ነው፤ የዓባይን በረሃ ወደ ጎሃ ጽዮን ሲወጣ ነው የሚተኛው። ቀጭኗን ቱቦ ምላሶቹን ከሚያጠበውና ከሚያሰፋው አንቀሳቃሽ ነቅዬ የእጅ ቫኪዩም ፓምፕ አገናኘሁና ስስብ የአንቀሳቃሹ ዘንግ ቀስ ብላ ወጣች። ስለቅ ወደ ታች ጀመረች፣ ግማሽ ላይ ቆመች፣ ቆይታ ጠቅ ብላ ወደቀች። በሽታው ያቺ መቆም ነች። መኪናው ወሩን ሙሉ ከአራት ኪሎ መገናኛ በትራፊክ መሐል ሲንፏቀቅ ምላሶቹ ሙሉ እንቅስቃሴ አያገኙም፤ ጥቀርሻ ይጋገርባቸዋል። ረጅሙ ዳገት ላይ ጠበቡ፣ «ስፉ» ሲባሉ አልሰፉም።

ጥርጣሬውን የሚያረጋግጥ አንድ ሙከራ አለ፤ በቫኪዩም ለሚሠራው ብቻ ነው። ቱቦዋን ነቅለው አፏን ደፍነው፣ ነዳጅ ሳያበዙ ትንሽ መንዳት። ምላሶቹ ተከፍተው ስለሚቀሩ ግፊቱ መሞት አለበት። ቱቦዋ ተነቅላም ግፊቱ ከወጣ ምላሶቹ ጠብበው ተጣብቀዋል። ይህንን ዌስትጌት ባለው ላይ እንዳትሞክሩት፤ እዚያ ቱቦ መንቀል ልጓም መፍታት ነው።

ያ ፒክአፕ አዲስ ቱርቦ አላስፈለገውም። ተፈትቶ የጭሱ ጎን ታጠበ፣ ምላሶቹ በጣት እስኪላወሱ ድረስ ጸዱ። የአንቀሳቃሹ ዘንግ የት ድረስ እንደምትሄድ የምትወስነውን በፋብሪካ የተስተካከለች ብሎን ግን አልነካናትም፤ እሷን «ትንሽ ላጥብቃት» ያለ ሰው ሌላ ኦቨርቡስት በገዛ እጁ ይሠራል።

ኮዱን አጥፍቶ ቁልፍ ማስረከብ ሥራውን አይጨርሰውም። ጥፋቱ የሚታየው ጭነት ላይ ስለሆነ ረጅም ዳገት ተመርጦ፣ የታዘዘውና የተለካው ግፊት በስካነሩ ላይ በሁለት መስመር ጎን ለጎን ተደርገው መታየት አለባቸው። እኛ በእንጦጦ መንገድ አወጣነው፤ መስመሮቹ እስከ ላይ ተያይዘው ሄዱ። ግራፉን የሚያነብ ሁለተኛ ሰው ይጫን፣ ሹፌሩ ዓይኑን ከመንገዱ እንዳያነሳ።