ደንገጎን የሚወጣው ፒክአፕ፦ የሚባለውና እውነታው

የአጎቴ ልጅ አዲስ ፒክአፕ ሊገዛ ነው። ከሐረር ወደ ድሬዳዋ አትክልት ያመላልሳል። እሁድ እሁድ ደግሞ ልጆቹን ይዞ ዘመድ ይጠይቃል። አንድ መኪና ለሁለቱም እንዲሆነው ብሎ ደብል ጋቢና መረጠ። ምርጫው ትክክል ነው። ከፊት አምስት ሰው ይቀመጣል፣ ከኋላ ጭነቱ ይሄዳል፣ አስፋልቱ ሲያልቅም ጉዞው ይቀጥላል።

ለመመካከር ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ቡና ይዘን ተቀመጥን። ወዳጅ ጎረቤቱም ተሰበሰበ። «አቦ፣ ሃይሉክስ ከሆነ ዓይንህን ጨፍነህ ግዛ!» አለው አንዱ። ሌላው ስለ ሲሲ (የሞተሩ መጠን)፣ ሌላው ስለ ፎር ዊል (ሞተሩ አራቱንም ጎማ ማዞሩ) መከረው። ሁሉም የተናገረው ወንድሜ ይጠቀም ብሎ ነው። ግን ግማሹ ምክር ስህተት ነበር። የድሬ–ሐረርን መንገድ ለዓመታት ነድቼበታለሁ፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል ባለው የደንገጎ ዳገት ላይ ስህተት ምን እንደሚያስከፍል አይቻለሁ። ስለዚህ የዚያን ቀን የተባሉትን አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«ሲሲው ካነሰ ዳገት አይወጣም»

ድሮ እውነት ነበር። ጉልበት የፈለገ ሰው ትልቅ ሞተር ይገዛ ነበር። ቱርቦውና የናፍጣ መርጫው ግን ነገሩን ቀይረውታል። ሃይሉክስን እንይ። ሰው «ቪጎ» እያለ የሚጠራው የቀድሞው ባለ 3.0 ሊትር ሞተር ቶርኩ (የማዞር ጉልበቱ) ቢበዛ 360 ኒውተን ሜትር ነበር። ከእሱ በኋላ የመጣው ባለ 2.4 ሊትር እስከ 400 ይሰጣል። ባለ 2.8 ሊትሩ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 ከተሻሻለ ወዲህ በአውቶማቲክ ካምቢዮ 500 ደርሷል። ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ የሚረዳው ይህ ቁጥር ነው፤ በተለይ ሞተሩ ሳይጮህ፣ በዝቅተኛ ዙር ሲገኝ።

ለእኛ አገር ሌላም ጥቅም አለው። ድሬዳዋ ከባህር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐረማያ ስንደርስ 2,000 ሜትር አካባቢ ወጥተናል። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ አስር በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ቱርቦ ያለው አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ አብዛኛውን ጉድለት ይሸፍናል። የአዲሱ ሞተር ጠላት ዳገቱ ሳይሆን ውሃና ቆሻሻ ያለበት ናፍጣ ነው። ናፍጣው ወደ ሲሊንደር የሚረጨው ከ2,000 ባር በላይ በሚደርስ ግፊት ነው፤ መርጫው በትንሽ ቆሻሻም ይጎዳል። የናፍጣ ፊልትሮ በጊዜው ይቀየር። በርሜል ውስጥ የከረመ ናፍጣም አትቅዳበት።

«ፒክአፕ አይደል? 15 ኩንታል ጫንበት!»

ይህን የሰማሁት ከሦስት ሰው ነው። መካከለኛ ፒክአፕ የሚችለው፣ እንደ ዓይነቱ ቢለያይም፣ 1 ቶን ገደማ ነው። 10 ኩንታል ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚረሳው ግን ጋቢና ውስጥ የተቀመጠው ሰውም ከዚያው ላይ መቀነሱን ነው። አምስት ሰው በአማካይ 70 ኪሎ ቢመዝን 350 ኪሎ ሆነ። ለጭነት የሚተርፈው ስድስት ኩንታል ተኩል ብቻ ነው።

«ባሌስትራ ይጨመርበት፣ ይችላል» የሚልም አለ። ባሌስትራ፣ ማለትም ከኋላ ጭነቱን የሚሸከመውን የብረት ሞላ፣ መጨመር መኪናው ከኋላ እንዳይሰምጥ ያደርጋል እንጂ ፍሬኑን፣ ጎማውንና ሻንሲውን አያጠነክርም። ከመጠን በላይ ሲጫን፣ በተለይ ክብደቱ ከኋላ ጎማ ወዲያ ሲያርፍ፣ የፊቱ ይነሳል። መሪው ይቀላል። መብራቱም ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይወጋል። ከባዱን ጆንያ ወደ ጋቢናው አስጠግተህ ጫን። ባዶውን ሲሄድ «ይመታል» የሚባለውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው፤ ባሌስትራው የተሠራው ለጭነት ስለሆነ ሸክም ሲያገኝ ይለዝባል።

«ቁልቁለት ላይ ዜሮ ማርሽ ነዳጅ ይቆጥባል»

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፤ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

በአሁኑ ሞተር ነገሩ ተቃራኒ ነው። ማርሽ እንደገባ ቁልቁል እየወረድክ እግርህን ከነዳጅ መስጫው ስታነሳ ኮምፒውተሩ ናፍጣውን ጭራሽ ይዘጋዋል። ሞተሩን የሚያዞረው የጎማው መሽከርከር ነው። ዜሮ ማርሽ ስታደርገው ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ናፍጣ መጠጣት ይጀምራል። እቆጥባለሁ ያለው ሰው ያባክናል ማለት ነው።

ብክነቱስ ትንሽ ነገር ነው። ዋናው ችግር መኪናውን የሚይዘው ፍሬን ብቻ መሆኑ ነው። ከደንገጎ ወደ ድሬ ያለውን ጠመዝማዛ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቁልቁለቱ ቶሎ አያልቅም። ፍሬን ያለ እረፍት ሲረገጥ ይግላል። ሸራው መያዝ ያቅተዋል። የፍሬን ዘይቱም ከፈላ ፔዳሉ እስከ ታች ይሰምጣል። አንድ ጊዜ ሽንኩርት የጫነ ፒክአፕ ኩርባ ላይ ጎማው እየጨሰ ቆሞ አገኘሁ። ሾፌሩ ልጅ ነው፤ እጁ ይንቀጠቀጣል። «ጋሼ፣ ፍሬኑ አልያዝ አለኝ፤ በድንጋይ ነው ያቆምኩት» አለኝ። አብሬው አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጬ በርዶለት ወረደ። ዜሮ ማርሽ ነበር የመጣው።

ትክክለኛው መንገድ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ቀንሶ በሞተር እየተያዙ መውረድ ነው። «አውቶማቲክ ይህን አያደርግም» የሚለውም ስህተት ነው። የአዲሶቹ ፒክአፖች አውቶማቲክ ካምቢዮ ማርሹን በእጅ ዝቅ የሚያደርጉበት ቦታ አለው። ብዙዎቹ ላይ ለገደላማ ኮረኮንች ቁልቁለት ፍጥነቱን ራሱ የሚይዝ መቆጣጠሪያም ተገጥሟል። ገዢው ሲረከብ ይህን አሳዩኝ ይበል።

«ፎር ዊል ካለው አይንሸራተትም»

ፎር ዊል ለመነሳትና ከአሸዋ ለመውጣት ነው። ለማቆም አይረዳም፤ ፍሬን ሲያዝ ሁሉም መኪና በአራቱም ጎማ ነው የሚይዘው። ባዶ ፒክአፕ ደግሞ ከኋላ ቀላል ነው። ዝናብ በነካው አስፋልት ኩርባ ላይ ጅራቱ ሊወጣ ይችላል። ከፍ ብሎም ስለተሠራ በድንገት መሪ መጠምዘዝ አይወድም። እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ የስዊድን የመኪና መጽሔት ሃይሉክስን በፍጥነት እንቅፋት እንዲሸሽ ሲፈትነው በሁለት ጎማ ቆሞ ነበር። ስለዚህ ፎር ዊል አለው ወይ ከማለት ይልቅ መንሸራተትን የሚቆጣጠር ሲስተም አለው ወይ ብለህ ጠይቅ።

በደረቅ አስፋልት ላይ ፎር ዊል አስገብቶ መንዳትም ጉዳት አለው። ሲታጠፍ የፊትና የኋላ ጎማ የሚሄዱት ርቀት እኩል አይደለም። በአብዛኞቹ ፒክአፖች ግን ፎር ዊል ሲገባ ሁለቱ እኩል እንዲዞሩ ይታሰራሉ። ጎማው ይበላል፣ ካምቢዮውና ጉልበቱን ለጎማዎቹ የሚያከፋፍለው ዲፍረንሻል ይጨነቃሉ። በመካከል ሌላ ዲፍረንሻል ያላቸው፣ እንደ ሚትሱቢሺ ኤል200 አንዳንድ ሞዴሎች ያሉት፣ በአስፋልትም ይችላሉ። የቀሩት ድሬን አቋርጦ ለሚያልፈው ለደቻቱ ወንዝ አሸዋና ለጭቃ ብቻ ይግባላቸው።

ደቻቱን ካነሳን፣ «ፒክአፕ ጎርፍ ይሻገራል» የሚለውም ተነስቶ ነበር። የፎርድ ሬንጀርና የኢሱዙ ዲማክስ አምራቾች 800 ሚሊ ሜትር ጥልቀት፣ ቶዮታ ለሃይሉክስ 700 ይላሉ። ቁጥሩ ግን ለተኛ ውሃ ነው። ፈጥኖ የሚወርድ ውሃ 60 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ፒክአፕንም አንስቶ ይወስዳል፤ ጋቢናው ውስጥ አየር ስላለ መኪናው ይንሳፈፋል። ደቻቱ ደግሞ ዓመቱን አብዛኛውን ደረቅ ነው። ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ተራራው ላይ ከዘነበ ድንገት ይሞላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደብን ይህ ወንዝ ነው። የድሬ ልጅ ሆኖ ያንን የረሳ የለም። ጎርፉ ካለ መኪናው ይቁም።

«የአዲሱ ቆርቆሮ ሳስቷል» ለሚሉት አጭር መልስ አለኝ። ፊቱ ሲጋጭ እንዲጨማደድ ተደርጎ ነው የተሠራው፤ ግጭቱን እሱ ይውጥና ጋቢናው ይተርፋል። ዲማክስ እ.ኤ.አ. በ2020 በአውስትራሊያና ኒውዚላንድ የደህንነት ፍተሻ አምስት ኮከብ አግኝቷል። የማይጨማደድ መኪና ምቱን የሚያስተላልፈው ለተሳፋሪው ነው።

«ኤሌክትሪክ ለፒክአፕ አይሆንም» ያለም ነበር። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል አይገባም ካለ ወዲህ ጥያቄው የሁላችንም ሆኗል። ቢዋይዲ እ.ኤ.አ. በ2024 ሻርክ የሚባል በኤሌክትሪክና በቤንዚን የሚሠራ ፒክአፕ አውጥቷል። ጉልበቱ ከ400 ፈረስ በላይ ነው። የሚጭነው ግን 800 ኪሎ ገደማ ስለሆነ አትክልት ነጋዴው ሒሳቡን ይሥራ። ደስ የሚለው ነገር፣ እንዲህ ያለ መኪና ከደንገጎ ሲወርድ ባትሪውን ይሞላል።

በመጨረሻ፣ «መካከለኛ» ሲባል ትንሽ የመሰላቸው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የመጀመሪያው ሃይሉክስ ርዝመቱ 4.3 ሜትር ገደማ ነበር፤ ከሐረር ፔጆ 404 ታክሲዎች እንኳ ያጥራል። የዛሬው ደብል ጋቢና 5.3 ሜትር ነው። ሐረር ላይ ፈረስ መጋላ አደባባይ ድረስ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ያሉት በግንብ የታጠረው የጁገል ጠባብ መንገዶች ግን ለእሱ አይሆኑም። የአጎቴ ልጅ ይህን ሲሰማ ተነሳና ሜትር ይዞ ሄዶ የግቢውን በር ለካ። ስፋቱ ይበቃል። ርዝመቱ ግን በሩ እንዳይዘጋ ያደርገዋልና ውኃ ማጠራቀሚያው ሮቶ ወደ ጥግ ሊዛወር ነው።