አደይ ሲፈነዳ ባዳው ለምን ይጠይቃል?

«መስከረም ሲጠባ አደይ ሲፈነዳ፣
እንኳን ሰው ዘመዱን ይጠይቃል ባዳ።»

የእንቁጣጣሽ ሰሞን ይህን ያልሰማ የለም። እኔ ግን በደንብ የገባኝ ጎጃም መኖር ከጀመርኩ በኋላ ነው።

ነገሩ ያለው «ይጠይቃል» ላይ ነው። የታመመ ይጠየቃል፣ አራስ ትጠየቃለች፣ የታሰረ ይጠየቃል። ቤት ድረስ ሄዶ «እንዴት ከረማችሁ?» ማለት ነው። ባዳ ደግሞ ዝምድና የሌለው ሰው። ዘመድ ዘመዱን ማየቱ ያለ ነው፤ በመስከረም ግን የማይዛመድህም በርህን ያንኳኳል።

ለምን በመስከረም? በሐምሌና በነሐሴ ከጮቄ ተራራ የሚወርዱት ወንዞች፣ ጨሞጋውም ሙጋውም፣ ይሞላሉ። ድልድይ ባልነበረበት ጊዜ ከወንዝ ማዶ የተዳረች እህት ክረምቱን ሙሉ ወሬዋም አይሰማም። መስከረም ላይ ውኃው ይጎድላል፣ ጭቃው ይጠጥራል። አደይ መስኩን ቢጫ የሚያደርገውም ያኔ ነው። አባባሉ የተወለደው ከዚህ ይመስለኛል፤ አበባው ሲታይ መንገዱ ተከፍቷል ማለት ነው።

እዚህ አገር ልጃገረዶች ጳጉሜን ሲያልቅ መስክ ወርደው እንግጫ የሚባለውን ሣር ይነቅላሉ። ይጎነጉኑትና አደይ ይሰኩበታል። አሁን ግን ከተማው ሰፍቶ መስኩ ራቀ። ስለዚህ አደይን ግቢያችን ውስጥ ብናበቅለው ደስ ይለኛል።

አደይ ከኑግና ከሱፍ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። በየዓመቱ ከዘር ይበቅላል፣ አብቦ ዘሩን ጥሎ ይደርቃል። አበባው ረግፎ ሲደርቅ ዘሩን እፍኝ ያህል ሰብስቡ። ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ ፀሐይ በሚያገኝ ቦታ፣ አፈሩን ጫር ጫር አድርጋችሁ በትኑት። ማዳበሪያ አያስፈልገውም። ከባዱ ሐምሌ ነው፤ ቡቃያው ቁርጥ አረም ይመስላል። አንድ ዓመት ግቢው ይጽዳ ብዬ ከሣሩ ጋር ነቅዬ ጣልኩት። መስከረም ሲገባ አጥሩ ሥር አንድም ቢጫ አልነበረም፤ በጣም አዘንኩ። አሁን የዘራሁበትን በድንጋይ እከባለሁ። ሲያብብም ሁሉን አልቀጥፍም፤ ግማሹ ለዘር ይቆያል።

ዘንድሮ በጳጉሜን የማላውቃቸው ሦስት ልጆች በሬን አንኳኩ። «እትዬ፣ ለእንግጫችን አደይ ይስጡን» አሉኝ።